ከአያቷ ጋር ትቆይ

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳያት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ቁስልሽ ጠገገልሽ? ምራቴ እንዳልልሽ ልቤ እምቢ ይለኛል፤ አንቺንም እንደ ባህሩ ከሆዴ ያወጣሁሽ ይመስለኛል። ልጅሽ ሰላማዊት ደህና ናት። ትበላለች፣ ትምህርቷንም ትሄዳለች። ሰው ጮክ ብሎ ሲናገር ብቻ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች።

ስለ ፍርድ ቤቱ ልንገርሽ። ባህሩ «ሚስቴ ልጇን ጥላ ጠፋች» ብሎ ነው የከሰሰሽ። እኛ ግቢ የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፈትያ ያገኘችልሽ ጠበቃ፣ ልጅቷን አንቺ እንድታሳድጊ ጆሃንስበርግ የተፈረደልሽን አቀረበች። ዳኛው ግን «የውጭ አገር ፍርድ እዚህ ዕውቅና ሳያገኝ አይፈጸምም» አሉ። ያ ደግሞ ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ቀጠሮ ነው። ባህሩ ፈገግ ሲል አየሁት።

ያን ጊዜ ጠበቃዋ እኔን ለምስክርነት ጠራች።

«እርስዎ የከሳሹ እናት ነዎት። ምን ያውቃሉ?» አሉኝ ዳኛው።

«ከገዛ አፉ የሰማሁትን፣ ጌታዬ። የመጣ ሰሞን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ጋብዞኝ እየሳቀ፣ ‹ደብድቤ ሆስፒታል አስተኛኋት፤ ሳትነሣ ልጄን ይዤ ተሳፈርኩ› ብሎኛል።»

«እማዬ!» ብሎ ጮኸ። ዞሬ አላየሁትም። ባየው አንደበቴ ይያዝ ነበር፤ ጡቴን ያጠባሁት ልጅ ነው።

ዳኛው ውሳኔ እስኪሰጥ ልጅቷ ከእኔ ጋር እንድትቆይ አዘዙ። ጠበቃዋ ደስ ብሏት አቀፈችኝ። እኔ ግን ከቀብር እንደሚመለስ ሰው አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እህቴ እንኳ «ገመናሽን አደባባይ አወጣሽ» ብላ ሰላምታዋን ነሳችኝ።

የዚያኑ ዕለት ማምሻውን ባህሩ ቤት መጥቶ ነበር። ልብሱን ይዞ ሄደ። ይህን ደብዳቤ ፈትያ የምትጽፍልሽ ቀኝ እጄ በጀሶ ስለታሰረ ነው። በረንዳው ላይ አዳልጦኝ ወደቅሁ። አታስቢ፣ አጥንት ይጠገናል። ፈትያ «ፖሊስ እንጥራ» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ለወደቀ ሰው ፖሊስ ምን ያደርጋል? አሁንም እየጻፈች ታለቅሳለች።

አንቺ እንደምንም ብለሽ ቶሎ ነዪ። ስትመጪ ግን እዚህ ቤት እንዳታርፊ፤ በቀጥታ ጠበቃዋ ዘንድ ሂጂ። ሰላማዊትንም ማታ ማታ ፈትያ ክፍል ነው የማስተኛት። የእሷ በር የብረት ነው።

ፈጣሪ ከክፉ እጅ ይሰውርሽ፤ ልጅሽን አቅፈሽ ያለ ስጋት የምትተኚበትን ቀን ያምጣልሽ።

እናትሽ ሙሉዬ