ለቦርዱ የጠራነው ዋጋ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጠዋት የተረከብሁት፦ ቆሮሶ አሳ ሰባ ሁለት፣ አምባዛ አሥራ አራት። ሦስቱ የተበላሹ።

ውድ ወንድሜ ነስረዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይፋግ አክስታችን ዘንድ መሆንህን ሰማሁ። ስልክ ስለማታነሣ ይህን ገጽ ከዕለት ደብተሬ ገንጥዬ እልክልሃለሁ።

ዛሬ ጀልባዎቹን ስጠብቅ የልጅነት ፉጨትህ ትዝ አለኝ። መረቡ ሲሞላ አንተና አባባ ገና ከታንኳው ሳትወርዱ ታፏጫለህ፤ ባዶ ሲሆን ዝም። ፉጨትህን የሰሙ ነጋዴዎች ወዲያው ዋጋ ይሰብራሉ። አባባ «ይህ ልጅ ገበያችንን ሊዘጋው ነው!» እያሉ ይቆጡሃል፤ አንተ በማግስቱም ታፏጫለህ። መደበቅ አታውቅበትም ነበር።

ማጋነንን ያስተማርሁህ እኔ ነኝ። ከውትድርና ተመልሰህ፣ ለጉዳት አበል የሐኪሞች ቦርድ ፊት ለአእምሮ ምርመራ በተቀጠርህበት ቀን ዋዜማ፣ እዚሁ አሳ ስንገፍፍ «በሳምንት ሦስት ሌሊት አልተኛም እላቸዋለሁ» አልኸኝ።

«ሦስት አትበል! ጭራሽ አልተኛም በል። ሦስት ካልህ አንድ ብለው ይጽፉታል።»

«እታለም፣ እኔ እኮ አምባዛ አይደለሁም።»

«ቦርድ ፊት ሁሉም አምባዛ ነው። ከፍ አድርገህ ጥራ፣ እነሱ ይቀንሱታል።»

ሳቅን። ከዚያ ወዲህ አብረን አልሳቅንም።

ትናንት የመረመረችህን ሐኪም ርሆቦትን አነጋገርኋት። የተጠየቅኸውን ሁሉ፣ አንድ ሰው ላይ አብረው የማይታዩ ሕመሞችን ጭምር፣ «አዎ» ብለሃል። «ያጋነነ ሁሉ ጤነኛ ነው አልልም፤ አበል የሚጠብቅ ሰው እንዳይከለከል ፈርቶም ይጨምራል። ግን ከዚህ ሁሉ የእሱ ሕመም የቱ ነው ብዬ ልለየው?» አለችኝ።

እኔ አውቀዋለሁ። የሞተር ጀልባ በተነሣ ቁጥር ቅርጫቱን ጥለህ አሳው መሐል በደረትህ ትተኛለህ። ሰው ሲስቅ «አዳልጦት ነው» እል ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ደንበኛ እንዳይሸሽ፣ ስምህም በክፉ እንዳይነሣ ብዬ። እዚህ ያለህን ሕመም ደብቄ፣ እዚያ የሌለህን አስጠራሁህ።

አበሉን ሲከለክሉህ «ውሸታም ወታደር ተባልሁ» ብለህ ሄድህ። ውሸቱ የእኔ ነው፤ ለርሆቦትም ነግሬያታለሁ። ሕመምህን በዓይኑ ያየ ሰው ካመጣሁ እንደገና ልትመረምርህ ተስማምታለች። ስትመጣ፣ ሦስት ሌሊት ከሆነ ሦስት በል።

እህትህ ዘሊካ

ነገ ሐሙስ፦ አሳውን ረዳቴ ሐፍሳ ትረከባለች። ጎረቤቴን አሳ ሻጯን የብርጓልን ይዤ ሦስት ሰዓት ርሆቦት ዘንድ መሄድ። ካየችው በላይ እንዳትጨምር ባጃጁ ውስጥ መንገር።