የምሕረት እናት ያለችው

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ የምሕረት አክስት ከሆመቾ ገበያ ስትመለስ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጎራ አለች። “ቲቸር፣ ይቺ ልጅ ሁልጊዜ ‘እናቴ ያለችው’ እያለች የምትጽፈው ምንድን ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ መጽሐፍ ተውሰው ይሄዳሉ፣ ታሪኩን ለእናታቸው በሀዲይኛ ይነግራሉ፣ እናት ያለችውን ደግሞ በአማርኛ ጽፈው ያመጡልኛል። ከአራተኛ ክፍል ምሕረትን የሚያህል የለም። ስለ ሌባዋ ጦጣ አንብባ፣ “እናቴ ‘ጦጣዋ ርቧት እንጂ ክፉ ሆና አይደለም’ አለች” ብላ የጻፈችውን ጠዋት በሰልፍ ላይ ለተማሪው ሁሉ አንብቤዋለሁ። እንደ ምሕረት እናት የምታዳምጥ እናት ይስጣችሁ ብዬም መርቄያለሁ።

“እናቷማ አረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት አለፋት። ስልክ ከደወለችም ቆየች” አለች አክስቷ።

ከየቤቱ ሰው በሚሰደድበት አገር ተቀምጬ “ለእናታችሁ ንገሩ” ስል፣ እናቱ ቤት የሌለች ልጅ እንዴት ትዝ አላለኝም?

ከሰዓት ምሕረት መጽሐፉን መለሰች። ደብተሯ ላይ “እናቴ ‘ይሄኛው ቶሎ አለቀ፣ ረጅም አምጪልኝ’ አለች” ይላል።

ከመደርደሪያው ወፍራሙን መርጬ ሰጠኋት። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ “እናትሽን ሰላም በያት” አልኳት።

“እሺ ቲቸር፣ እላታለሁ” አለችኝ።