ለአሥራ አራት ቁጥር ቤት ስለተመረጠው ጸጥተኛ ማሽን

ለተከበሩ አቶ ጁሊያን ፔምብሪ
የዎልሻው ቤቶች ማኅበር የንብረትና ጥገና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እግርዎ ደህና ነው? ስለ እግርዎ መጠየቄ እንዳይገርምዎ፤ እኛ በታነርስ ጎዳና የምንኖር ተከራዮችዎ ከጥቅምት ወዲህ ስንገናኝ አስቀድመን የምንጠያየቀው ስለ እግር ሆኗል። ሦስት ካልሲ ደርቦ ጫማው አልገባ ያለው ሰው ብዙ ነውና።

እኔ ዴሪክ ክሌግ እባላለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በዚህች ከተማ የቤት ማሞቂያ ስገጥምና ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ በአሥራ ስድስት ቁጥር ቤት የምኖር የማኅበርዎ ተከራይ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ መላክ በተገባኝ ነበር። ሆኖም ከዚህ በፊት የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤትዎ በሰላም ዐርፈው እንደሚገኙ ስለተነገረኝ፣ አምስተኛው ሄዶ እንዳይቀሰቅሳቸው ብዬ ለከተማችን ጋዜጣ ሰጥቼዋለሁ።

ጉዳዩ የጎረቤቴ የወይዘሮ ሙሪየል ሆልሮይድ ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በአሥራ አራት ቁጥር ቤት ኀምሳ አንድ ዓመት ኖረዋል። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ እኔ የምነሳው እሳቸው ጠዋት ሬዲዮ ሲከፍቱና ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ ሲያስቀምጡ ሰምቼ ነበር። እንግዲህ እኒህ ሴት በገዛ ቤታቸው ይኑሩ ወይስ አይኑሩ የሚለውን ነገር ማኅበርዎ እንዴት እንደወሰነው በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ፤ በቁጥር የቀረበ ነገር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፤ ስለ ምርጫው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከዚያ ልጀምር። ባለፈው ሚያዝያ ተከራዮችን ለማማከር በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰብስበውን ነበር። ለብስኩቱ አሁንም አመሰግናለሁ። በመድረኩ ላይ ሦስት የማሞቂያ መስመር ማጠቢያ ማሽኖች ተደርድረው ነበር። እንደሚያውቁት፣ ወይም ያን ቀን እንደነገርኩዎ፣ ውኃ ከሚያሞቀው ቦይለር ወደየክፍሉ ራዲያተር የሚሄደው የቤት ማሞቂያ ቧንቧ ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱም ጥቁር ጭቃ ሆኖ በየራዲያተሩ ግርጌ ይተኛል። ከላይ ሲነኩት ይሞቃል፣ ከታች በረዶ ነው። ማሽኑ የሚፈለገው ውኃውን በብዛት ነድቶ፣ አቅጣጫውን እየገለበጠ፣ ጭቃውን አንቅቶ እንዲያወጣ፣ የተነሳውንም ዝገት በማግኔት እንዲይዝ ነው። ሌላ ሥራ የለውም፤ ሻይ አያፈላ፣ ልጅ አይጠብቅ።

በእጃችን የተሰጠን የመመዘኛ ወረቀት ግን እንዲህ ይል ነበር፤ ጸጥታ አርባ ነጥብ፣ በማኅበሩ መኪና ውስጥ መግባት ሠላሳ ነጥብ፣ ለመያዝ መመቸት ሃያ ነጥብ፣ የመመሪያው መጽሐፍ ማማር ዐሥር ነጥብ። ጭቃ ስለማውጣት የሚል መስመር ፈልጌ ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ በጀርባውም አልነበረም። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። እነዚያን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ መኪኖች ከዓመት በፊት ገዝተው ስለነበር፣ ማሽኑ የተመረጠው ለመኪናው እንጂ ለቤቱ አልነበረም። እጄን አውጥቼ «የትኛው ነው ጭቃውን የሚያወጣው?» ብዬ ስጠይቅ፣ እርስዎ በዚያ በለመድነው ትሕትናዎ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ዴሪክ፣ እንይዘዋለን» አሉኝ። እስከ ዛሬ እንደያዙት ነው።

ቀጥሎም ትንሹንና ጸጥተኛውን ማሽን በዚያው ዕለት ከሱቅ በመጣ አዲስ ራዲያተር ላይ ሞከራችሁት። ንጹሕ ውኃ ገባ፣ ንጹሕ ውኃ ወጣ። መራጩ ኮሚቴ አጨበጨበ። ወይዘሮ ሙሪየል በክርናቸው ጎሸም አድርገውኝ «አዲስ ሰሃን አጥበው ነው እንዴ የሚያጨበጭቡት?» አሉኝ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለ ማሞቂያ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ።

ሁለተኛ፤ ስለ እጥበቱ። በጥቅምት ወር ያ ማሽን አሥራ አራት ቁጥር ደረሰ። ይዞት የመጣው ጋሪ የሚባለው ሠራተኛዎ ነው፤ ስሙን ብጠራ አይጎዳም፣ ከማኅበርዎ ሥራ ለቋልና። በእኛ ሰፈር ሠራተኛ ቤት ከገባ ሻይ ሳይጠጣ መፍቻ አያነሳም። ወይዘሮ ሙሪየልም አቅርበውለት፣ እኔም ልማድ ሆኖብኝ በሩ ላይ ቆሜ ሳይ ነበር።

«ጋሪ፣ ይሄ እኮ ጭቃውን ቀስቅሶ ነው የሚተወው። ማግኔቱስ የታለ?» አልኩት።

«ማግኔት ያለው መኪናው ውስጥ አልገባም ተባለ። ተወኝ ባክህ ዴሪክ፣ እኔም ጠፍቶኝ አይደለም። ወረቀቱ ለአንድ ቤት ሁለት ሰዓት ነው የሚለው፤ ከዚህ ቀጥሎ ሌላ ሦስት ቤት አለብኝ።»

«አትነዝንዘው እስቲ! ሻዩን ይጠጣበት» ብለው ወይዘሮ ሙሪየል እኔን ተቆጡኝ። «አይዞህ ልጄ፣ እሱ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚቆጣው ሰው አጥቶ ነው።» ልጄ ያሉት ጋሪ ኀምሳ ሁለት ዓመቱ ነው።

ሁለት ሰዓቱ ሲያልቅ ቅጹ ላይ «ታጥቧል» ተብሎ ተፈረመ። ወይዘሮ ሙሪየልም በእጃቸው ጀርባ ራዲያተሮቹን አንድ በአንድ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እኛ ሁላችን እንደምናደርገው ዳበሱ። ከእጥበቱ በፊት ግማሽ ድረስ ይሞቁ ነበር። ከእጥበቱ በኋላ አንዳቸውም አልሞቁም። ቦይለሩ ሁለት ጊዜ እንደ ማሳል ብሎ ጠፋ። ሠላሳ ዓመት ተኝቶ የነበረው ጭቃ ተነሥቶ መውጫ ሲያጣ፣ ሄዶ የቦይለሩን ጠባብ መተላለፊያ ደፍኖት ነበር። ከምርጫው ቀን ጀምሮ የፈራሁት ይህንኑ ነበር፤ ፍርሃት ደግሞ በመመዘኛችሁ ነጥብ የለውም።

ሦስተኛ፤ ስለ ስልኩ። ወይዘሮ ሙሪየል አሥራ አንድ ጊዜ ደወሉ። መልሱ አንድ ነበር። «እማማ፣ ኮምፒዩተሩ መስመሩ ታጥቧል ይላል። ከታጠበ ደግሞ ጭቃ ሊኖር አይችልም። ምናልባት የሙቀት ማስተካከያውን በትክክል አልያዙት ይሆናል።» ኀምሳ አንድ ዓመት ያንን ቤት ያሞቁ ሴትዮ አሁን አልያዙትም ተባለ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። በሳምንቱም ደራርቦ ስለመልበስ የሚመክር ባለ ቀለም ወረቀት ላካችሁላቸው። ላቅ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ ወረቀቱ ወፍራም ስለነበር የመስኮቱን ስንጥቅ ደፍኜበታለሁ።

በኅዳር መጨረሻ ወይዘሮ ሙሪየል ደረታቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ተሽሏቸው ሊወጡ ሲሉ ሆስፒታሉ አንድ ነገር ጠየቀ። ነርስ ሐሙስ ጠዋት ቤታቸው መጥታ ትለካለች፤ መኝታ ክፍሉ አሥራ ስምንት ዲግሪ ከሞቀ ይመለሳሉ፣ ካልሞቀ በባሕሩ ዳርቻ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ይላካሉ። ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ያዙኝና «ዴሪክ፣ እዚያ ከገባሁ አልወጣም። እህቴም ለሁለት ሳምንት ብላ ነበር የገባችው» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እኒህ ሴት በሕይወታቸው ለምነውኝ አያውቁም።

አራተኛው ቅሬታ የእኔ ጥፋት ስለሆነ ራሴ ልናዘዝ። ከጓሮ መጋዘኔ የቀድሞ ማሽኔን አወጣሁ። ስልሳ ኪሎ ይመዝናል፤ ሲነሳ ጎዳናው በሙሉ ይሰማዋል፤ በእናንተ መኪና ውስጥ ጎማው እንኳ አይገባም። ከጸጥታ ዜሮ፣ ለመያዝ ከመመቸት ዜሮ ያገኝ ነበር። ጋሪ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ መጣ። ቦይለሩ የሚነድበትን ጋዝ አልነካንም፤ የሠራነው በውኃው መስመር ብቻ ነው። ረቡዕ ከማለዳ ጀምረን ራዲያተሮቹን አንድ በአንድ፣ የቀሩትን እየዘጋን፣ በጎማ መዶሻ እየመታን ሰባት ሰዓት ሙሉ አጠብናቸው። የመጣው ውኃ መጀመሪያ እንደ ቀለም ጠቆረ፣ ቀጥሎ የሻይ መልክ ያዘ፣ በመጨረሻ ጠራ። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈው ዝገት አንድ ባልዲ ሞላ።

የተደፈነው መተላለፊያ ተከፍቶ ቦይለሩ ተነሣ። መኝታ ክፍሉ ሃያ አንድ ዲግሪ ደረሰ። ጋሪ ጀርባውን ራዲያተሩ ላይ ለጥፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠና «እንዲህ ነበር መሥራት የነበረብኝ» ብሎ አለቀሰ። እኔም አልቀረሁም፤ ሽማግሌ ነኝ፣ አላፍርም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተደውሎለት ያልመጣው ማኅበርዎ ሳይጠራ መጣ። ተቆጣጣሪዎ «ያልተፈቀደ ዕቃ ተጠቅማችኋል» ብሎ ቦይለሩን አጥፍቶ ማብራት የሚከለክል ቀይ ካርድ አንጠለጠለበት።

«ይሞቃል እኮ! ንካው! በእጅህ ንካው!» አልኩት።

«ጥያቄው መሞቁ አይደለም፣ አቶ ክሌግ።»

«እሺ፣ አሁኑኑ መርምረውና ጥፋት ካገኘህ እኔን ክሰሰኝ። ነገ ጠዋት ነርሷ ትመጣለች።»

«ለምርመራ ቀጠሮ ያለን ሰኞ ነው።»

ፈቃድ አለመጠየቄ እውነት ነው። ደንቡም ለደኅንነት የወጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አክብሬዋለሁ። ነገር ግን ደንቡ ረቡዕ ከሰዓት ነቅቶ እስከ ሰኞ መልሶ መተኛቱ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሐሙስ ጠዋት ነርሷ መጣች። አሥራ አንድ ዲግሪ። እየደጋገመች ለካች፤ አዘነች፤ ጻፈች። ወይዘሮ ሙሪየል በዚያው ቀን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተወሰዱ። ሰኞ ተቆጣጣሪዎ መጥቶ አንድም ጥፋት አላገኘም፤ ካርዱንም አነሣ። በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ሙሪየል ቤቱን የሚለቁበትን ወረቀት ፈርመው ቁልፉን በፖስታ ላኩ። ለእኔም በአንዲት ቁራጭ ወረቀት «የኋላው ክፍል ራዲያተር አየር ይይዛልና ቤቱ ለሚገባው ሰው ንገርልኝ» ብለው ጻፉልኝ።

አሁን አሥራ አራት ቁጥር ማንም የለበትም። ማሞቂያው ግን ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ሰው በሌለበት ቤት ቧንቧዎቹ በብርድ እንዳይፈነዱ የማኅበሩ መመሪያ ስለሚያዝ ነው ተባልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል ነበር፤ የእኛው ውሻ ደግሞ ለቧንቧ ነው የሚጮኸው። ሰማንያ ሦስት ዓመት የሞላቸው ሴት ያላገኙትን ጥንቃቄ ሠላሳ ዓመት የሞላው ብረት ስላገኘ፣ በብረቱ ስም ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁልጊዜ በሞቀ ቢሮ፣ በደረቀ ካልሲና በማይከፈት ደብዳቤ መካከል ረጅም የሥራ ዘመን ይስጥዎ እያልኩ፣ ከተገቢው አክብሮት ጋር፣ አንድም ቀን ኪራይ ሳላሳልፍ የኖርኩ ታማኝ ተከራይዎ፤

ዴሪክ ክሌግ
አሥራ ስድስት ቁጥር፣ ታነርስ ጎዳና፣ ዎልሻው

ማስታወሻ፤ ማሽንዎ ከጸጥታ አርባ ከአርባ ማግኘቱን ያኔ ተቃውሜ ነበር፤ አሁን ተቃውሞዬን አንስቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ብዙ አዳመጥኩ። ሬዲዮ የለም፣ ማንቆርቆሪያ የለም፣ አንድም ድምፅ የለም። ሙሉ ነጥቡ ይገባዋል።