አዲስ ጊታር ስለማይነካበት መደብርዎ

ይድረስ ለተከበሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች መደብር ሥራ አስኪያጅ፦

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለጣቶችዎ ልስላሴ እመኛለሁ። ለልጄ ከመደብርዎ አዲስ ጊታር የገዛሁ አባት ነኝ። ልጄ አፏን ሳትፈታ ማንጎራጎር የጀመረች ናት። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ጊታሩን ከነላስቲኩ ስላስረከቡን አመሰግናለሁ። ክሮቹ ከአንገቱ እጅግ ርቀው ስለነበር በክሮቹና በአንገቱ መካከል እርሳስ ያለ ችግር ያልፍ ነበር። ልጄ ልትጫናቸው ስትታገል ጣቶቿ ውሃ ቋጠሩ፣ ፈረጡ፣ እንደገና ቋጠሩ። እናቷ ፕላስተር እየለጠፈች «እስክትለምጂው ነው፣ እናቴ» ትላት ነበር።

፪. አቤት ስንል ሻጭዎ «ጋሼ፣ እኛ አዲስ ዕቃ አንነካም፤ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው የምንሸጠው» አለን። ፋብሪካው በበኩሉ ማስተካከል የሻጩ ፋንታ መሆኑን በአክብሮት ገለጸልን። የጊታር መምህሯም ሥራቸው ማስተማር እንጂ ጥገና እንዳልሆነ አስረዱን። ኃላፊነቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በልጄ ጣቶች ላይ አረፈ።

፫. ጊታሩ ቢቃኝም እጇ በአንገቱ ላይ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ድምፁ ይስት ነበር። መምህሯ ይህን ሰምተው «ጆሮ የላትም» ብለው ፈረዱ። እሷም አመነቻቸው። ጊታሩን ወልውላ መያዣ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው፤ ማንጎራጎሩንም አብራ ተወችው።

፬. ከሁሉ የሚበልጠው ውለታዎ ይኸኛው ነው። አሮጌ ዕቃ እንደምትገዙ ሰምቼ ባለፈው ሳምንት ጊታሩን ልሸጥ መጣሁ። ያው ሻጭ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ክሮቹን አላላ፣ በትንሽ መፍቻ የአንገቱን ጉብጠት አቃና፣ የክሮቹን መቀመጫ ሞርዶ ዝቅ አደረገና ቃኘው። ከጎረቤት ሻይ ቤት ያዘዝኩት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጊታሩ ዘፈነ። ዛሬ ምን ተገኘ ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ ደግሞ! አሮጌ ካልተስተካከለ ማን ይገዛዋል?» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእርስዎ ውሻ ግን ጅቡ ሲመጣም እዚያው ነበር፣ መጮኽ የሚፈቀድለት ከሄደ በኋላ ብቻ ሆኖ ነው እንጂ።

ሳልሸጠው ይዤው ተመለስኩ። አሁን በቤታችን እንከን የሌለው ጊታር አለ። እኛም እንደ እርስዎ አንነካውም።

የመደብርዎ ደንብ እንደጸና እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የልጅቷ አባት

ሳልረሳው፦ አዲስ ጊታር ለመግዛት ላሰቡ ወላጆች አንድ ምክር ሰጥቻለሁ። ከፍለው ከበሩ ይውጡ፤ ላስቲኩን ይቅደዱና በዚያው በር ተመልሰው «አሮጌ ነው፣ ትገዙታላችሁ?» ይበሉ። ሠራተኞችዎ ያን ጊዜ ይነኩታል።