ጋሽ ለማ የማይቀዝፉበት ጥግ

እሁድ፣ ጥር 18

ዛሬ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ወርጄ ዓሣ ሳጠምድ ዋልኩ። ውሃውን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል የተባሉትን ሽማግሌ፣ ጋሽ ለማን፣ ከነጀልባቸው ቀጥሬ ነበር። እስከ ቀትር አንድም አልያዝንም። ውሃው ውስጥ ከበቀለው ደንገል ማዶ ግን ዓሣ ሲዘል አየሁ። እሳቸው ወደዚያ አይቀዝፉም።

"ለምን አንሄድም?" አልኳቸው።

"ልጄን ውሃ የወሰደብኝ እዚያ ነው። ሬሳውም አልተገኘ። ሌላ ቦታ ላሳይህ።"

"የቀጠርኩዎት ዓሣው ካለበት እንዲያደርሱኝ ነው፣ ጋሽ ለማ። ካልሆነ ማንም እንዳይቀጥርዎት ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።"

ወደዚያው ቀዘፉ። እዚያ ትልቅ አምባዛ ያዝኩ። መንጠቆውን እንዲነቅሉልኝ አዘዝኳቸው፤ ፊታቸውን አዙረው ሲነቅሉት ሳቅሁ። ሲመሽ ከዓሣው ቆርጬ ብሰጣቸው፣ "ከዚያ ጥግ የወጣ እኔ ቤት አይገባም" አሉኝ።

ሚስቴ ጠበሰችው። ከየት እንደመጣ ስነግራት ሳህኑን ገፋ አድርጋ፣ "አንተ ሰው ነህ?" አለችኝ።

የእሷንም ድርሻ በላሁት። ለመጪው እሁድ እዚያው ጥግ እንዲያደርሱኝ ጋሽ ለማን ቀጥሬያቸዋለሁ። ይመጣሉ፤ ሌላ እንጀራ የላቸውም።