የታሸገ ወፍጮ ስላሰማው ድምፅ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የካ አባዶ
ዛሬ ጠዋት እህል ይዘው የመጡ አሥራ አንድ፤ አስፈጭቶ የሄደ የለም።

ለተከበሩ የሥራ ማነቆዎች ጥቆማ መቀበያ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የመሥሪያ ቤትዎ ማኅተምም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። «የከበዳችሁን መመሪያ ጠቁሙን፣ እናቀልላችኋለን» የሚለው ማስታወቂያዎ በታክሲ ማዞሪያችን ከተለጠፈ ወዲህ፣ እዚህ ስድስት ዓመት ወፍጮ ቤት የያዝኩት እኔ ሙዘሚል ኤርሳዶ አምኜ ጠቁሜአለሁ። የየዕለቱን በማስታወሻዬ ስለምጽፍ ቀኖቹ አይሳሳቱም።

አንደኛ፤ መስከረም 30 ቀን ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጥተው፣ የድምፅ ልኬት ማረጋገጫ የለህም ብለው ወፍጮ ቤቴን አሸጉ። መመሪያው የወጣው በዚያው ሳምንት ነበር። ለሰፈሩ ጸጥታ መታሰቡን ጎረቤቶቼም እኔም እንደግፋለን።

ሁለተኛ፤ ማረጋገጫውን ልወስድ ስሄድ፣ ወፍጮው የሚለካው እየሠራ እንደሆነ፣ እሽጉ የሚነሳው ደግሞ ከተለካ በኋላ እንደሆነ ተነገረኝ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ብጠይቅ፣ የመስኮት ቁጥር አራት ሠራተኛ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ መመሪያው እንደዚያ ነው፤ ቅር ካለዎት የጥቆማ ክፍል አለልዎት» ብለው ወደ እርስዎ መሩኝ።

ሦስተኛ፤ ቅጽዎን በሞላሁ በአሥረኛው ቀን ባለሙያ ስለላኩልኝ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው። ባለሙያው እሽግ የመፍታት ሥልጣን ስላልነበራቸው፣ መለኪያቸውን በተዘጋው በር ላይ ደግነው ቆሙ። ወፍጮው ዝም ብሏል። በዚያው ቅጽበት የመገናኛ ታክሲ ደጃፋችን ቆሞ ረዳቱ ሰው ሲጠራ፣ ሾፌሩ ደግሞ ጥሩምባውን ለቀቀው። መለኪያው የሰማውን መዘገበ፤ ባለሙያውም መለኪያው የመዘገበውን ጻፉ፤ «ከተፈቀደው መጠን በላይ» የሚል ባለ ማኅተም ወረቀትም ደረሰኝ። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛዬ ወልደጻድቅ ሁለቴ አንብቦ፣ «ቆሞ እንዲህ ከጮኸ፣ ሲዞርማ የካን ያፈርሳል» ብሎ ሳቀ።

አብሬው አልሳቅኩም። ስልሳ ቀን ሥራ ያቆመ ነጋዴ ፈቃዱን በፈቃዱ እንደመለሰ ይቆጠራል የሚል ሌላ መመሪያ አለና፤ ዛሬ አርባ አንደኛው ቀን ነው። ለሰሚት ሱቆች ሽሮ የሚያቀርቡት ወይዘሮ ብርኽቲም አተራቸውን ለማስፈጨት ኮተቤ ድረስ ይጓዛሉ፤ የታክሲው ረዳት ጆንያውን እንደ ተሳፋሪ ቆጥሮ ወንበር ስለሚሰጠው፣ ከሁላችንም በክብር የተያዘ ጆንያው ብቻ ነው።

የምለምነው ግማሽ ሰዓት ነው። ሥልጣን ያለው ሰው መጥቶ እሽጉን ይፍታ፣ ወፍጮው ይዙር፣ ይለካ። ድምፁ ከተፈቀደው መጠን ካለፈ እኔው በእጄ አጠፋዋለሁ።

መመሪያ የከበደውን ሰው በሌላ መመሪያ ለማሳረፍ ስለሚደክሙት ድካም እያመሰገንኩ፣ ከታሸገው ደጃፌ ላይ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ሙዘሚል ኤርሳዶ
ለቀሩት አሥራ ዘጠኝ ቀናት ባለ ወፍጮ

ተጨማሪ፤ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከክፍልዎ የስልክ መልእክት ገባልኝ። ጥቆማዬ «ምላሽ አግኝቶ ተዘግቷል» ይላል፤ በአገልግሎቱ ምን ያህል እንደረካሁም ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር እንድገልጽ ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቶቻችን በምንም ነገር ባይመሳሰሉ በመዝጋት ፍጥነት እኩል መሆናቸውን ሳላደንቅ አላልፍም።

ነገ ዓርብ፤ ጠዋት በሁለት ሰዓት ወልደጻድቅን ይዤ ሳሊተ ምሕረት እሄዳለሁ። እዚያ ያለ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ዋስ እሆነዋለሁ።