የማይሰበረው ማርሽ

ማክሰኞ
ጥርሱ ረገፈ። የትንሿ ብረት መፋቂያ ሚሊንግ ማሽኔ የፕላስቲክ ማርሽ፣ ብረቱን መፋቅ ከመጀመሬ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መቁረጫው ቆሟል። ማሽኗን የገዛኋት ለመዝናኛ ነበር፤ የበር እጀታ ምናምን እየሠራሁ። አሁን ግን የእናቴ መንደር የውኃ ፓምፕ የብረት ማያያዣው ተሰብሮ ሰው ሁሉ ከወንዝ ይቀዳል። እዚያው ያለውን የእህቴን ሕፃን ተቅማጥ ይዞታል። «እኔ እሠራዋለሁ» ያልሁት እኔው ነኝ። ምን አፍ አለኝ!

ረቡዕ
ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሄድሁ። መንገዱ ይዘጋ ይሆን እያልሁ እስክደርስ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር። ብረት ቀራጩ ባለ ቶርኖ ጋሽ ሙላት፣ ፕላስቲኩ እንደማይበረክት ጠርጥሬ ቀደም ብዬ ያዘዝኋቸውን የብረት ማርሾች ጨርሰዋል። አስረከቡኝና፣ «ልጄ፣ ፕላስቲኩ ቀድሞ ይሰበርልሽ ነበር። ይኸ አይሰበርም። መቁረጫው ብረቱን ነክሶ ከያዘ ወይ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ወይ ብረቱ ይወረወራል» አሉኝ።
«ልተወው እንዴ?»
«ተይው አላልሁም። ፍሪ ነው ያልሁ።»

ሐሙስ
ገጠምኋቸው። የአሮጌውን ስብርባሪ ከግራሶው ውስጥ ለቀምሁ። አንደኛው ጠብቦኝ በሞረድ አሻሸሁት። በእጅ ሲያዞሩት ይዞራል። ማብሪያውን መንካት ግን አቃተኝ። ባሌ ጌታቸው ከሥራ ሲገባ ማሽኗ ፊት ቁጭ ብዬ አገኘኝ።
«ምነው?»
«ፈራሁ።»
ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ሄዶ ማጥፊያው አጠገብ ቆመ። አበራሁ። ድምፅዋ ተለውጧል፣ ይንጫጫል። ብረት አላስነካሁም።

ዓርብ
ተወረወረ። ብረቱን የሚይዘውን ሞርሳ አላጠበቅሁትም መሰለኝ። ብረቱ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ የቆርቆሮውን በር በሳው። ጌታቸው አጠፋው። ኋላ፣ «በቃሽ» አለ። ከማርሹ አንድ ጥርስ እንኳ አልጎደለም።
እናቴ ደወለች። ሕፃኑ ጡት እንቢ ብሎ ጤና ጣቢያ ተኝቷል።

ቅዳሜ
ሞርሳውን በወፍራም ብሎን አሰርሁት። ከፊቴ ጣውላ አቆምሁ። ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ብቻ እያስነካሁ ፋቅሁ። «በቃሽ» ያለኝ ሰውዬ ሳይጠራ መጥቶ ማጥፊያውን ይዞ ቆመ። በነከሰ ቁጥር እግዚኦ እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ማያያዣው አለቀ። ደስ አላለኝም፤ ተቀምጬ አለቀስሁ።

እሑድ
ከቅዳሴ መልስ መንደር ወረድን። አጎቴ ፓምፑን ፈትተው ጠበቁኝ።
«ይይዛል?» አሉኝ።
«እንጃ፣ አጎቴ።»
ገጠምነው። ፓምፑ መጀመሪያ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ውኃው ጠራ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን ዓይኔን ከማያያዣው ላይ ማንሳት አልቻልሁም።
ስንመለስ እህቴ ከጤና ጣቢያ ደወለች። ስሟን ስልኬ ላይ ሳይ ማንሳት ፈራሁ። ስልኩን ለጌታቸው ሰጠሁት።
አዳመጠ። ዞር ብሎ አየኝ።
«ሕፃኑ ጡት ጠባ ትላለች።»